ደባት ላይ ያለኝ ባል

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሳሉ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆረጣል። ከእኔ ፊት ከዛሪማ የመጡ አንድ ሰውዬ ነበሩ፤ በሩ ስላልተዘጋ የሚጠየቁት ሁሉ ይሰማኛል። የጤና መኮንኑ ምሥጋናው የሚባል ወጣት ነው። "ሲጋራ ያጨሳሉ? በቀን ስንት? ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?" እያለ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። እኔም ተራዬን ስጠብቅ መልሴን አዘጋጀሁ። በቀን ስምንት፣ አንዳንዴ አሥር፣ ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመት። ሦስት ጊዜ በልቤ ደጋገምኩት።

ገባሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። የትናየት፣ አርባ ሁለት፣ የወረዳ መዝገብ ቤት። ከዚያ ቅጹ ላይ አቀርቅሮ ሳይጠይቀኝ ጻፈ። ወረቀቱ ከእኔ በኩል የተገለበጠ ቢሆንም አነበብኩት፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከጠረጴዛ ማዶ የሰው ወረቀት ሳነብ ነው። "አታጨስም" ይላል።

የማገዶ ጭስ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። የፋይል አቧራም ሊሆን ይችላል አለ። እኔም አዎ፣ የእኛ ቢሮ አቧራ አይጣል ነው አልኩት። መድኃኒቴን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አንድ ለኮስኩ።

ይህን ደብተር ከቢሮ ያመጣሁት ለሌላ ነገር ነበር። ለምሥጋናው ያልነገርኩትን ግን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለብኝ። አጨሳለሁ። ይኸው ተጻፈ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ደባት ደርሼ መጣሁ።

ደባርቅ ውስጥ አንድም ቀን ሲጋራ ገዝቼ አላውቅም። የወረታ ልጅ ብሆንም እዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ የመሬት ፋይል የሌለው ሰው ስለሌለ የማያውቀኝም ሰው የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወቅንን አልፌ ደባት እወርዳለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ሐመልማል የምትባል ሴት ሱቅ አላት። ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ምንም አልጠየቀችኝም። እኔው ራሴ ቀድሜ "ለባለቤቴ ነው" አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፤ ሾፌር ነው አልኳት። በሦስተኛው ስሙን ጠየቀችኝ። እንዳለው አልኩ።

ሁሉም ውሸት አይደለም። እንዳለው ሾፌር ነበር። ሲጋራ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ እየሳቀ፣ ነፋሱን በጃኬቱ ከልሎልኝ። እዚህ እያለ የሚገዛው እሱ ነበር፤ እኔ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አላውቅም። ጥሎኝ ከሄደ ሰባት ዓመት ሆነው። ደባርቅ ይህን ያውቃል። ደባት ላይ ግን አልሄደም። ደባት ላይ ወገቡን ያመዋል፣ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አይወድም፣ ባለፈው ወር ጎማ ሲቀይር ጣቱን ተጎድቷል።

ዛሬ ሐመልማል ጣቱ ዳነለት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ድኗል አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን አለች።

ይህን ስጽፈው ያስቃል። ሌላ ምንም የለውም፤ ለሽፋን ነው።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አብራኝ የምትሠራው ስመኝ ዛሬ ኮሪደር ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ሳሏ ቲቢ ይመስለኛል፤ ብርጭቆዬን ለይቻለሁ" አለች። ስገባ ስልኩን ዘግታ ስለ አየሩ አወራችኝ። ደግ ልጅ ናት። እናት ናት፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። እኔም ብሆን እለያለሁ።

ቲቢ ቢሉኝ ይሻለኛል። ቲቢ ከያዘሽ ሰው ይጠይቅሻል።

ሰኞ ጾም ይገባል። ሰኞ አቆማለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን እነግራለሁ? አጨሳለሁ ያላለ ሰው አቆምኩ ማለት አይችልም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት። አልለኮስኩም።

ሦስት ሰዓት። እጄ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ሰባት ሰዓት። ሻይ ጠጣሁ። ስህተት ነበር። ከሻይ በኋላ ያለው ባዶነት ሌላ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት። ከቢሮ ስወጣ ዘበኛው ጋሽ ታደለ በሩ ጋ ቆመው ያጨሱ ነበር። እንደምን ዋልሽ አሉኝ። ከሚገባው በላይ ቆሜ የቤተሰባቸውን ጤና ጠየቅኳቸው። ልጆቻቸውን በሙሉ፣ በስም በስም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አንድ ገበሬ የአባታቸውን ፋይል ፈልገው ከኮሶዬ ማዶ መጥተው ነበር። በስም ፊደል ተሳስተው ሁለቴ አስፈለጉኝ። ጮኽኩባቸው። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው "ይቅርታ የኔ ልጅ" አሉኝ። አባቴን ያህላሉ። ስመኝ ጾሙ ነው እንዲህ የሚያደርጋት አለቻቸው። ፋይላቸውን አገኘሁላቸው፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻልኩም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሽንት ቤት ውስጥ። ሁለት። በላይ በላዩ።

አራት ቀን መሙላት ያቃተኝ ሴት ነኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያልጠበቅኩት ነገር ከአፌ ወጣ። ሐመልማል ፓኮውን ከመደርደሪያው ስታወርድ "ማቆም ይፈልጋል" አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቆመ። "ማን? እንዳለው?"

"አዎ። ሞክሮ አልቻለም። አራት ቀን እንኳ አልሞላም።"

ወንበር አወጣችልኝ። ሰባት ዓመት ስመላለስ እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ስለ ባሏ ስለ ድረስ ነገረችኝ። እሱም ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ሳንባው ነው የገደለው። ሲጋራውን የሚወስደው ከዚሁ ከእሷ መደርደሪያ ነበር። አቁም እያለች ታባርረዋለች፤ ሲቆጣት ደግሞ ራሷ ታቀብለዋለች። ጥፋቴ ለብቻው እንዲታገል መተዌ ነው አለች። መጮህ እንጂ መርዳት እንደሚቻል አላውቅም ነበር አለች። አላለቀሰችም። እያወራች ምስር ትለቅም ነበር።

ከዚያ ፓኮውን ቀደደችና አሥር ፍሬ ቆጥራ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። "ለሳምንት ይሄ ነው በይው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት። ከዚያ የለም። እኔ ካልሰጠሁሽ ሌላ ቦታ እንዳትገዢለት።" ቅርንፉድ ጨመረችልኝ፤ ሲያምረው ይያዘው አለች። የሽምብራ ቆሎም። ስልኳን በወረቀት ጻፈችልኝና ሐራራው ሲነሳበት እንዲደውልላት ነገረችኝ።

"እሱ እንኳ አይደውልም፤ ዓይን አፋር ነው" አልኳት።

"እንግዲያው አንቺ ደውይለት" አለች።

ሚኒባስ ውስጥ ቅርንፉዱን አፌ ውስጥ አደረግኩት። ወቅን እስክንደርስ ምላሴ ደንዝዞ ነበር።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከቀትር በኋላ ደወልኩ። ምን ይላል አለችኝ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል ይላል አልኳት። ሰው ሲናገረው ይናደዳል፤ የማያስለቅስ ነገር ያስለቅሰዋል አልኳት። "ውኃ ጠጪ" አለች፤ ከዚያ "ይጠጣ በይው" አለች። አፏ ተሳስቷት ነው።

በረንዳው ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለስ፣ ይቁጠር፣ ደቂቃው ካለፈ ሐራራውም ያልፋል አለች። ተመላለስኩ። አለፈ። ተመልሶ መጣ፤ ግን ያ የመጀመሪያው አልፎ ነበር።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

አምስት። ልክ እንዳለችው ቆጥራ ሰጠችኝ። ሌላ ገዢ መጥቶ ሙሉ ፓኮ ሲወስድ ዓይኔ ተከተለው፤ እሷ ዓይኔን አየች።

እንዳለውን በርታ በይልኝ አለችኝ። እነግረዋለሁ አልኳት። ስመለስ ስለ እሱ ሳስብ ነበር። ስለ እውነተኛው አይደለም። እውነተኛው ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም። ስለ ደባቱ ነው፤ ለማቆም ስለሚሞክረው። ደግ ሰው ነው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መንገድ ተዘጋ። ወደ ጎንደርም ወደ ላይም መኪና የለም። ለስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰው ስኳርና ዘይት ለመግዛት ተሰለፈ። እኔ ሦስት ፍሬ ሲጋራ ነው ያለኝ፤ የፈራሁትም ለሲጋራው መሆኑ አሳፈረኝ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

አልቋል። ኔትወርክ የለም። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንዴ ጠራና ተቋረጠ።

ከሰባት ዓመት ወዲህ ደባት ያልሄድኩበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቀኑን ሙሉ ማንም ስሜን አልጠራኝም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ይህን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ከምሳ በኋላ ሰው ሳይመለስ ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ጋሽ ታደለ እዚያ ነው የሚጥሉት። ጎንበስ ብዬ አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ያልተረገጠ፣ ረዘም ያለ መርጬ። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ጥላ አየሁ። ጋሽ ታደለ ቆመዋል። የቧንቧ ውኃ የያዘ ጀሪካን በእጃቸው ነበር። ዞረው ሄዱ። ሲሄዱ እግራቸውን ያቻኮሉ መሰለኝ፤ እንዳላዩ ሊሆኑልኝ ብለው።

ቁራጩን አጨስኩት። ይህንንም ልጻፈው። ጥዬው አይደለም የመጣሁት፤ አጨስኩት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ አገኘሁ። ያረጀ፣ የቀድሞ ማኅተም ያለበት። ውስጡ ሁለት ሲጋራና አምስት የክብሪት እንጨት ነበር። ከማን እንደሆነ ማወቅ አያስቸግርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ደባርቅ ላይ አንድ ሰው ያለብኝን አይቶ እጁን ዘረጋልኝ። የዘረጋው እጅ ሲጋራ ነው የያዘው። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ስመኝ መጥታ ውጤቱን ነገሩሽ እንዴ አለችኝ። ምን ውጤት አልኳት። ቀይ ሆነች።

አንዱን አጨስኩ። አንዱን በ1996 ፋይሎች መካከል ሸሸግኩት።

ማታ አከራዬ እማማ በለጠች ከጎረቤት ጋር ደጃፍ ተቀምጠው ስሟን ስላልሰማሁት ሴት ያወሩ ነበር። "ብቻዋን ናት፤ ምን ታድርግ፤ የምትነግረው ሰው የላትም" አሉ። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም። የታችኛዋ ተከራይ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መንገዱ ትናንት ማታ ተከፈተ። ጠዋት የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። ሰው ተጨናንቆ፣ በግና በርሜል ሳይቀር፣ ሁሉም ዘመዱን ሊያይ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ወዴት ነሽ ስትለኝ "እህቴ ጋ" አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ሐመልማል ሱቋን ገና እየከፈተች ነበር። ስታየኝ የያዘችውን ሰንሰለት መሬት ጣለችና ሳመችኝ። ስምንት ቀን ስልኩን ስትሞክር እንደነበረች ነገረችኝ። "እንዴት ከረምሽ?" አለች። እንዳለው እንዴት ከረመ አላለችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወይም ድሮም ገብቶኝ ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "ሐመልማል፣ ባል የለኝም" አልኳት።

ከበሩ ሳትነሳ "አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ቅዳሜ። ድረስን ሃያ ዓመት አቅፌው ተኝቻለሁ፤ የሚያጨስ ሰው ሽታ አይጠፋኝም። ሻሽሽ ላይ ነበር።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ወገቡ ሕመም፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ጣቱ የነገርኳትን ሁሉ አሰብኩ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ለምን ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኳት።

መጥታ ፊት ለፊቴ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። "ከደባርቅ ድረስ የምትመጪው ማንም እንዳይናገርሽ ብለሽ ነው። እኔ ብናገርሽ ጎንደር ትሄጂ ነበር። ደሞ ስለ እሱ ስታወሪ ፊትሽ ይፈካ ነበር፤ ያንን ልቀማሽ አልፈለግኩም።"

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሊማሊሞን፣ ሰባቱን ዓመት፣ ጤና ጣቢያውን፣ ቁራጩን ሳይቀር። ቁራጩን ስነግራት ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ስጨርስ እሷም፣ ባሏ ድረስ ኦክስጅን ተሰክቶለት እያለ ከሆስፒታል አልጋ ወርዶ ግቢ ውስጥ ቁራጭ ሲፈልግ እንዳገኘችው ነገረችኝ። ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለልጆቹም። ደንበኛ መጣ፤ ሳሙና ሸጠችለት።

"ዛሬ ስንት ልቁጠርልሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ምንም" አልኳት።

"እንግዲህ ካሁን በኋላ ለራስሽ ነው የምትደውዪው።"

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ይዤ አለቀስኩ። ሲጋራው ቀርቶብኝ መሰለኝ። ግን የሚመጣብኝ እንዳለው ነው፤ ያ ወገቡን የሚያመው፣ ቲማቲም የማይወደው። ከእንግዲህ ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አንድ።

ከ1996 ፋይል መካከል ያለው አንድ ፍሬ ትዝ አለኝ። ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው። ተመስገን።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሁለት። ጠዋት ከማንም ቀድሜ ገብቼ አወጣሁት። ቧንቧ ሥር አርጥቤ በጣቴ አፈራረስኩት። ጣቴ ቀኑን ሙሉ ሸተተኝ፤ ቀኑን ሙሉም አሸተትኩት።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አምስት። ክፉ ቀን። ከሥራ በኋላ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ፤ እዚህ ደባርቅ፣ ሰው እያየኝ። ይሉኝታው ራሱ ለቆኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ሐመልማል ደንበኛ በዝቶባት ነበር። "አትዝጊው፤ ጆሮሽ ላይ ይዘሽው ቤትሽ ግቢ" አለችኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ግማሽ ሰዓት ያህል የደባትን ሱቅ ሰማሁ። ሩብ ኪሎ ስኳር። ባትሪ አለሽ ወይ። የሚዛን ድንጋይ ሲቀመጥ። አንዲት ሴት ስለ ልጇ ፈተና ስትናገር። በመካከሉ ሐመልማል ወደ ስልኩ ጠጋ እያለች "አለሽ?" ትለኛለች። አለሁ እላለሁ። በሬን ከፍቼ ገባሁ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ሻይ ሳይሆን ውኃ ጠጣሁ። አሁንም "አለሽ?" አለች። አለሁ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። ምሥጋናው ካርዴን ሲያወጣ "እዚህ ላይ የተጻፈው ልክ አይደለም" አልኩት። ጣቴን ቃሉ ላይ አደረግኩ። ለረጅም ጊዜ አየው። አንገቱ ድረስ ቀላ።

"እስከ ዛሬ የነገረችኝ ሴት የለችም" አለኝ።

"ጠይቀህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ። ሰረዘው። ስንት በቀን፣ ስንት ዓመት ብሎ ጠየቀኝ፤ ያን ቀን ያዘጋጀሁትን መልስ ሰጠሁት። መቼ እንዳቆምኩ ጠየቀኝ፤ ስድስት ቀን አልኩት፤ እሱንም ጻፈው። መድኃኒት እንደሌለው፣ ያለው ምክርና ጆሮ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሳሉ ለጥቂት ሳምንት ሊብስ ስለሚችል እንዳልደነግጥ፣ ዓርብ ዓርብም እንድመጣ አስጠነቀቀኝ። ለራጅ ጻፈልኝ።

ስወጣ ከኋላዬ የገባችውን ሴትዮ "ሲጋራ ያጨሳሉ?" ሲላት ሰማሁት። ሴትዮዋ ደንግጣ አማተበች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ራጁ ደረሰ። ቲቢ የለም። ሳንባዬ ግን ከዕድሜዬ ቀድሞ አርጅቷል አለኝ ምሥጋናው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ካላጨስኩ ግን ባለበት ይቆማል። ለስመኝ ቲቢ እንዳልሆነ ነገርኳት። ማንም ስለ ቲቢ አላወራም እኮ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ብርጭቆዋ ከብርጭቆዬ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነበር።

ጋሽ ታደለን አመሰገንኳቸውና ከእንግዲህ እንዳይሰጡኝ ለመንኳቸው። "የቸገረሽ መስሎኝ ነው ልጄ" አሉ። ቸግሮኝ ነበር አልኳቸው። ከሰዓት ሲያጨሱ ከግቢው ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው አየኋቸው። ፀሐዩ ላይ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

አሥራ ስድስት። እማማ በለጠች ለሽሮ ጠሩኝ። ከዚህ በፊትም ይጠሩኝ ነበር፤ ሽታው እንዳይታወቅብኝ እያልኩ ሥራ አለብኝ እላቸው ነበር። ዛሬ ገባሁ። መሐላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ እንደሆነ፣ አልጋቸውም ከአልጋዬ ጀርባ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

እየበላን ሳለ ቀና ሳይሉ "ሰሞኑን ግድግዳው አልሸተተኝም" አሉ።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። "ያውቁ ነበር እማማ?"

"ሳልሽ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሌሊት ሲያፍንሽ ተነስቼ እቆማለሁ፤ በሩን ላንኳኳ እልና ታፍራለች ብዬ እመለሳለሁ።"

ስንት ሌሊት ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል፤ እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ። እንዲያንኳኩ ነገርኳቸው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ሃያ ሁለት። ሰው ሁሉ ዘንባባ በራሱ አስሮ ይሄዳል። ሐመልማል ትናንት ደባት ላይ ብዙ አላወራችም። በዓሉ ሲቀርብ ሥራ ይበዛባታል።

ስለ እኔ ቀን ቁጥር ብቻ አወራን። እኔ ነኝ ያወራሁት።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እማማ በለጠች ጋ ፈሰክን። ሳቅን። ከሰዓት ሐመልማል ጋ ደወልኩ፤ እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ልጆቿ አንዱ ባሕር ዳር አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱን ፈርተው አልመጡም። ከኋላዋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ሱቅ አልከፈትሽም አልኳት፤ ዛሬ አልከፈትኩም አለች። ደህና ነሽ አልኳት፤ ደህና ነኝ አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። "ደህና ነኝ" የምትለው ልክ እንደ እኔ ነው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሳልነግራት ሄድኩ። በበዓል ማግስት መኪና ጥቂት ነው፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኩ።

ሱቁ ዝግ ነበር። በጓሮ በኩል ዞሬ አንኳኳሁ። ሳትከፍት በፊት ሽታው መጣ። የሲጋራ ጭስ፣ ትኩስ። ሐመልማል አጭሳ አታውቅም።

ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። ወደ ኋላ ዞር ብላ ያየችውን አየሁ፤ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ሳህን፣ ሳህኑ ጫፍ ላይ አንድ የተለኮሰ ሲጋራ። ማንም ያልያዘው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

"አላጨሰውም" አለች። "በዓል በዓል ነው። ቤቱ የእሱን ሽታ ሲያጣ አልችልም። የገደለው እሱ መሆኑን እያወቅኩ ነው የምለኩሰው።" ከዚያ እኔ መሆኔ ትዝ አላት መሰለኝ ደነገጠች። ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

እጇን ያዝኩት። "ተይው፤ ይለቅ" አልኳት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጭሱ ወደ እኔ ዞረ፣ ከእኔ ወደ እሷ ዞረ። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ፤ ጉልበቴ ሥር አስገባኋቸው። ድረስ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ጠየቅኳት። ስለ ሞቱ አይደለም። ምን እንደሚያስቀው። ሲዘፍን ቃል እየሳተ የራሱን እንደሚጨምር፣ ትምህርት ቤት ያልገባችውን እሷን ማንበብ ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ በመኪና የጭነት ወረቀት ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። አወራች። አመዱ ሳይሰበር እየረዘመ ሄደ፤ በመጨረሻ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ጭሱ ቆመ። እሷ ግን ወሬዋን አላቆመችም።

ሳህኑን ወስጄ አጠብኩት። መስኮቱን ከፈትኩ። ከእማማ በለጠች የተላከውን ድፎ ቆርሼ አቀረብኩላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያወቅኩት ስትበላ ሳያት ነው። የሚቀጥለውን በዓል ደባርቅ እንድትመጣ ነገርኳት፤ እማማ በለጠች አልጋ አላቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ሲል መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። ወቅንን ካለፍን በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ዛሬ ሠላሳኛ ቀኔ ነበር። መናገሩን ረሳሁት።